የአባቴን የዓይን ቀጠሮ ወደ ሎተሪ ለመራው ድረ ገጽዎ

ለተከበሩ የዓይን ሕክምና ማዕከሉ ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ጤንነት፣ ከጤንነታችሁም ሁሉ የዓይናችሁን ብርሃን በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። አባቴም ከዓይኑ በስተቀር ደህና ነው።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። በኢሜይል ሦስት ጊዜ ጽፌ፣ ሦስቱንም ጊዜ ገና ጣቴን ከቁልፉ ሳላነሳ «መልእክትዎ ደርሶናል፤ ስለመረጡን እናመሰግናለን» የሚል መልስ ስለ ደረሰኝ፣ ይህን ያህል ፈጣን አንባቢ ያለውን መሥሪያ ቤት በግል ማድከም ነውር መስሎ ስለታየኝ ነው።

እኔ በቤቴ፣ በአንዲት ኮምፒውተር፣ የሰው ጽሑፍ እየተየብኩ የምተዳደር ሴት ነኝ። ኮምፒውተሯ ሳሎናችን ውስጥ በመስኮቱ ሥር ተቀምጣለች፤ ከጎኗ የአባቴ ወንበር አለ። አባቴ ሠላሳ አራት ዓመት በማተሚያ ቤት አራሚ ሆኖ የሠራ ሰው ነው። ባልደረቦቹ «ማጉያው» ይሉት ነበር፤ ሌላው ሦስት ጊዜ አንብቦ ያለፈውን ስህተት እርሱ ወረቀቱን ገና ሲቀበል ያየው ነበርና። ጡረታ ከወጣም በኋላ እኔ የምተይበውን ሁሉ እዚያ ወንበር ላይ ሆኖ ያርምልኝ ነበር። ደንበኞቼ «እጅሽ ንጹሕ ነው» ሲሉኝ እጄ ሳይሆን የእርሱ ዓይን መሆኑን አልነግራቸውም ነበር።

ያ ዓይን ታመመ። የግራውን ግፊት የሚሉት በሽታ ሳናውቀው ጨርሶት ኖሯል። የእናንተው ሐኪም፣ ደግና ትሑት ሴት ናቸውና በዚህ ደብዳቤ ምክንያት ማንም ክፉ ዓይኑን እንዳይጥልባቸው አደራ፣ የቀኙ ገና እንዳለ፣ ነገር ግን በአንድ ወር ውስጥ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገለት እንደማይቆይልን ነግረውን ወደ ቀጠሮ ክፍል ላኩን። ቀጠሮ ክፍሉም በመስታወቱ ላይ የለጠፈውን ማስታወቂያ በእስክሪብቶ ጠቁሞ አሳየን፤ ቀጠሮ የሚሰጠው በድረ ገጽ ብቻ ነው ይላል። አባቴ ጠጋ ብሎ አነበበና «ብቻ የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ተጽፏል» አለ። ሥልጣኔ ነው ብለን ደስ ብሎን ወደ ቤታችን ተመለስን። ምስጋናዬ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አንደኛ፤ ድረ ገጽዎ የቀጠሮውን ቅጽ ከመክፈቴ በፊት «ሰነድ ማንበቢያውን ለመጫን ይህን ይንኩ» ብሎ ስላዘዘኝ አመሰግናለሁ። ነካሁ። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት አልደብቅም፤ ለደንበኞቼ ሳያነቡ እንዳይፈርሙ የምመክረው እኔ፣ የሚመጣውን ጥያቄ ሁሉ «ቀጥል»፣ «ቀጥል»፣ «እስማማለሁ» እያልኩ አለፍኩት። የማዕከሉ ዓርማ ከላይ ነበረ፤ አባቴ ከጎኔ ነበረ፤ ቸኩዬ ነበር። በደቂቃ ውስጥ ቅጽ የሚመስል ነገር ተከፈተልኝ። የአባቴን ስም፣ ዕድሜና ስልክ ሞላሁ። ቀን፣ ሰዓትና ስምንት አሃዝ ያለው የቀጠሮ ቁጥር ተሰጠኝ። ቀኑ ልክ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር። አባቴ ቁጥሩን በገዛ እጁ በትልልቁ ጽፎ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ኮምፒውተሬ የእኔ መሆኗ ቀረ። ብሮውዘሩን ስከፍት የማላውቀው የፍለጋ ገጽ ይመጣል። የቃል ፍቺ ስፈልግ ሎተሪ ደርሶሻል ይለኛል። የደንበኛዬን ኢሜይል ልከፍት ስል ቦርጭ የሚያጠፋ ቅጠል ይመጣል። አልፎ አልፎም ማሽኗ በቀይ ተሸፍና ሠላሳ ሰባት ቫይረስ እንዳለብኝና በአስቸኳይ ስልክ እንድደውል እየጮኸች ታስደነግጠናለች። የአባቴም ስልክ ሥራ በዛበት፤ መሬት የሚሸጡ፣ መድኃኒት የሚሸጡ፣ ዕጣ ወጥቶልዎታል የሚሉ ሰዎች ስሙን ከነአባቱ እየጠሩ ይደውሉለት ጀመር። እርሱም ትሑት ሰው ስለሆነ እያንዳንዱን እስከ መጨረሻው ያዳምጥ ነበር። ከማዕከሉ ይሆናሉ ብሎ ነበር።

ሁለተኛ፤ በቀጠሯችን ቀን በአራተኛው መስኮት ለተደረገልን አቀባበል አመሰግናለሁ። አባቴ ለቀዶ ሕክምና ስለተዘጋጀ ምግብ ሳይቀምስ፣ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ፣ ቁጥሩን በእጁ ይዞ ሁለት ሰዓት ተሰለፈ። የመስኮቱ ሠራተኛ ቁጥሩን ኮምፒውተሩ ላይ መታችው፤ ደግማ መታችው።

«አባት፣ እንዲህ ዓይነት ቁጥር የለንም» አለችው።

«ልጄ፣ ከእናንተው ገጽ ነው የወሰድነው» አላት።

«ሲስተሙ ካላወቀዎት እኔ ላውቅዎት አልችልም።»

እኔ መሀል ገብቼ ሐኪሟ አንድ ወር ብቻ እንደሰጡን፣ ወሩም ሊያልቅ ጥቂት ቀን እንደቀረው ለማስረዳት ሞከርኩ። ሠራተኛዋ ክፉ ሰው አልነበረችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እንዲህ ያለ ቁጥር ይዘው የሚመጡ ዛሬ እናንተ አራተኛ ናችሁ፤ በየሳምንቱ ይመጣሉ» አለችኝ። ዞር ብዬ ሳይ ከግድግዳው አጠገብ አንዲት እናት ዓይኑ የታሸገ ሕፃን ታቅፋ፣ ስምንት አሃዝ የተጻፈባትን ብጣሽ ወረቀት እያገላበጠች ቆማለች። ያኔ ነው የገባኝ፤ ክቡርነትዎ፣ ታውቁ ነበር። የችግሩን ስም ባታውቁትም፣ መኖሩን በየሳምንቱ ታዩት ነበር።

ሦስተኛ፤ በዚህ ዕድሜዬ አዲስ ሙያ እንድማር ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ። እውነተኛ ቀጠሮ ለመያዝ ማሽኗን ማጽዳት ነበረብኝ፤ ሌላ ማሽን የለኝም፤ ሌላ አባትም የለኝም።

መጀመሪያ የዋህ ነበርኩ። የብሮውዘሩን መነሻ ገጽ ወደ ቀድሞው መለስኩት፤ ብሮውዘሩን ዘግቼ ስከፍተው ሎተሪው ተመልሶ ይጠብቀኛል። ከተጫኑት ፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ ያንን «ማንበቢያ» አጠፋሁት፤ ማሽኗን አጥፍቼ ሳበራት በሌላ ስም ተመዝግቦ አገኘሁት። ብሮውዘሩ ላይ ሳላውቅ የተለጠፈች፣ ኤክስቴንሽን የሚሏት ትንሽ ተቀጥላ አገኘሁና ላነሳት ስል ማንሻዋ አይጫንም፤ ከበላይዋ ግን «ይህ ብሮውዘር በድርጅትዎ የሚተዳደር ነው» የሚል ጽሑፍ አለ። ደጋግሜ አነበብኩት። ድርጅቴ እኔና አባቴ ነን። ከሁለታችን ማን እንደሚያስተዳድረው አባቴን ብጠይቀው፣ «እኔ ከሥልጣን ከወረድኩ ቆይቻለሁ» አለኝ። በዚያ ሰሞን የሳቅነው ያን አንዴ ብቻ ነው።

በመጨረሻ ጎረቤታችንን ለመንኩ። ሕንፃው ውስጥ መብራት ሲጠፋ ሁሉም ወደ እርሳቸው ስለሚጮኽ ጋሽ ፊውዝ የምንላቸው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው። ስለ ቫይረስ እንደማያውቁ አስቀድመው ነገሩኝ። ከእኔ ጋር ሆነው ለጥቂት ጊዜ ካዩ በኋላ ግን እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ አንቺ የተቃጠለ አምፖል ነው የምትቀይሪው። እኔ መብራት ደጋግሞ የሚቆርጥበት ቤት ስጠራ አምፖሉን አልነካም፤ መስመሩን ይዤ እስከ ቆጣሪው እሄዳለሁ።»

መስመሩን ይዤ ሄድኩ። ማሽኗን ከኢንተርኔት ነቀልኳት። በጋሽ ፊውዝ ኮምፒውተር ላይ ከታማኝ ቦታ የቫይረስ ማጽጃ አውርጄ በፍላሽ አመጣሁ። ማሽኗን ከአስፈላጊ ነገር በቀር ምንም በማይነሳበት፣ ሴፍ ሞድ በሚሉት መንገድ አስነሳኋትና አስፈተሽኳት። ብዙ ነገር ወጣ። ሁሉም ግን አልወጣም፤ በየሰዓቱ እየተነሳ የጠፋውን መልሶ የሚጭን የተደበቀ የሥራ ትእዛዝ አገኘሁ፣ ሰረዝኩት። ብሮውዘሩን የማስነሳበትን ምልክት፣ ፕሮፐርቲስ የሚሉትን ከፍቼ ሳይ ከስሙ ጫፍ አንድ ረጅም አድራሻ እንደ ጭራ ተንጠልጥሎበታል፤ ቆረጥኩት። «በድርጅትዎ የሚተዳደር» የሚለውን ሹመት ከተጻፈበት የማሽኗ የውስጥ መዝገብ ፍቄ አነሳሁት። ተቀጥላዋ ያኔ እሺ ብላ ወጣች። ብሮውዘሩን እንደ አዲስ አስጀመርኩት፤ ፓስወርዶቼን ሁሉ በጋሽ ፊውዝ ማሽን ላይ ቀየርኩ። ስድስት ቀን ፈጀብኝ። ደንበኞቼ መመረቂያ ጽሑፋቸውን ይዘው ወደ ሌላ ሄዱ፤ አባቴም ወንበሩ ላይ ሆኖ ስድስቱንም ቀን «አይዞሽ» ይለኝ ነበር። በስድስተኛው ቀን የቃል ፍቺ ፈለግሁ፤ የቃል ፍቺ መጣ። ቃሉን አሁን አላስታውሰውም። አለቀስኩ።

አራተኛ፤ በዚያው ዕለት፣ በንጹሕ ማሽን፣ ወደ ንጹሕ ቀጠሮ ልሄድ ድረ ገጽዎን ከፈትኩና፣ ጥፋቱ ያን ጊዜ ሳላነብ መስማማቴ መስሎኝ፣ አሁን ሁሉን እያነበብኩ «ሰነድ ማንበቢያውን ለመጫን ይህን ይንኩ» የሚለውን ነካሁ።

ሎተሪ ደርሶኛል።

አምስተኛ፤ እነሆ አሁን ቆጣሪው ጋ ደረስኩ። ሌላ አራት ቀን አጽድቼ፣ በዚህ ጊዜ ሳልነካ አድራሻውን ብቻ መረመርኩት። ሊንኩ የሚወስደው ወደ እናንተ አይደለም። ድሮ ማንበቢያውን ይሰጥ የነበረው ድርጅት ትቶት ባዶ የቀረ፣ አሁን ሌላ ሰው የያዘው አድራሻ ነበር፤ ዓርማችሁን የለጠፈበትም ያ ሰው ነው። ይህን ሁሉ በሁለት ገጽ ተይቤ፣ አባቴ በቀረችው ዓይኑ አርሞልኝ፣ ወደ ማዕከሉ ኮምፒውተር ክፍል በአካል ወሰድኩት። የክፍሉ ኃላፊ ወንበር ስላቀረቡልኝ አመሰግናለሁ። ወረቀቱን ሳያነቡ «የእኛ ሲስተም ንጹሕ ነው፤ የታመመው ቤትዎ ያለው ማሽን ነው» አሉኝ። እኔም ክርክር ስለማልወድ፣ እባክዎ እዚሁ በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ይንኩትና እንይ አልኳቸው።

«እኔማ አልነካውም» አሉ።

«ለምን?»

«ምን እንደሚያመጣ አይታወቅማ።»

በአገልግሎት ዘመንዎ ከሠራተኞችዎ አፍ ብዙ ሪፖርት ሰምተው ይሆናል፤ ከዚህ የበለጠ እውነተኛ ግን አይመስለኝም። ወረቀቴን መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። እንደሚያዩት ቃል ገቡልኝ። ይህ የዛሬ አራት ወር ነው። ሊንኩ ዛሬ ጠዋትም፣ ይህን ደብዳቤ ከመጀመሬ በፊት ሳየው፣ በቦታው ነበር።

ስድስተኛ፤ እውነተኛውን ቅጽ በሌላ ማንበቢያ እንደምንም ከፍቼ ስሞላ ያገኘሁት የቅርብ ቀጠሮ ከአሥራ አንድ ሳምንት በኋላ ነበር። ደጅ ጠናሁ። ሐኪሟን ለማግኘት ሦስት ቀን ኮሪደር ላይ ቆምኩ፤ አግኝቻቸውም ነበር፤ ከሲስተሙ ውጪ ታካሚ ማስገባት እንደተከለከሉ የነገሩኝ መሬት መሬት እያዩ ነው። በእነዚያ አሥራ አንድ ሳምንታት ውስጥ አባቴ መጀመሪያ የግርጌ ማስታወሻዎችን ተወ። ቀጥሎ የጽሑፉን አካል ተወ። አርእስቶችን ብቻ የሚያነብበት አንድ ሳምንት ነበር። አንድ ቀን አንድ ገጽ ሰጥቼው ለረጅም ጊዜ ከያዘው በኋላ «ስህተት የለበትም» ብሎ መለሰልኝ። ስህተት ነበረበት። በመጀመሪያው መስመር ላይ፣ ሆን ብዬ ያስገባሁት።

ቀዶ ሕክምናው ተደረገ። በሙያ ደረጃ የተሳካ መሆኑን ነግረውናል፤ ግፊቱ ወርዷል። ዓይኑ ግን ከዚያ በፊት ሄዷል። ማሰሪያው ሲፈታ አባቴ መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነ ለየ፤ ሌላ ምንም አልለየም። ሐኪሟ «አባት፣ በጊዜው መጥተው ቢሆን...» ብለው ጀመሩና ቆሙ። አባቴ እጃቸውን ፈልጎ ያዘና «ዓረፍተ ነገሩን አይጨርሱት፤ ገብቶኛል» አላቸው። ከዚያ ክፍል ወጥተን ደረጃውን ስንወርድ ክንዴን ይዞኝ ነበር። በሕይወቴ ሙሉ ደረጃ ስንወርድ እኔ ነበርኩ የእርሱን የምይዘው።

ክቡር ሆይ፤ ይህን ደብዳቤ ጮክ ብዬ አንብቤለታለሁ። አሁን በጆሮው ነው የሚያርመኝ። ስለ ኮምፒውተር ክፍልዎ ኃላፊ የጻፍኳቸውን ሁለት ቃላት አስወጥቶኛል፤ «አንባቢ ነገሩን ትቶ ስድቡን ያነባል» አለኝ። ስለዚህ ያልተሳደብኩት በእርሱ ትእዛዝ መሆኑ ይታወቅልኝ። እኔ ብሆን አላወጣቸውም ነበር።

ካሣ አልጠይቅም። ይቅርታ ጠይቁንም አልልም፤ ስለመረጥናችሁ ታመሰግኑን እንደሆነ ነው እንጂ ምን ትሉናላችሁ? የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከድረ ገጽዎ ላይ አንዲት መስመር ይነሳልን። ሠላሳ አራት ዓመት መስመር ሲያነሳ የኖረ ሰው እንደሚለው፣ አንድ መስመር ማንሳት ከባድ ሥራ አይደለም፤ ስህተት መሆኑን ያመነ ሰው ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ያቺ ሕፃን ታቅፋ የነበረች እናት ቀጠሮ አግኝታ እንደሆነ አላውቅም። ስሟን አልጠየቅኋትም። ጠይቄያት ቢሆን ኖሮ እያልኩ ብዙ ቀን አስባለሁ።

ለአገልግሎትዎ ፍጥነት፣ ለመስኮቶችዎ ንጽሕና፣ ለሲስተምዎ ከሰው ሁሉ በላይ መታመን፣ እንዲሁም በአዳራሽዎ መግቢያ «እናንተን ማየት ደስታችን ነው» ተብሎ ለተሰቀለው ጽሑፍ ጥልቅ አክብሮቴን እየገለጽኩ፣ ረጅም ዕድሜ፣ ጤናማ ዓይንና የማይዛባ ቀጠሮ ለመላው ቤተሰብዎ እመኛለሁ።

የቀጠሮ ቁጥሩ በሲስተምዎ ውስጥ የሌለው ታካሚዎ ልጅ፣
የማዕከሉ ያልተቀጠረች ማሽን አጽጂ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ጨርሼ ልልከው ስል ከጽሕፈት ቤትዎ ስልክ ተደወለ። ከአራት ወር በኋላ ወረቀቴ ከመሳቢያ የወጣ መሰለኝ። ጸሐፊዎ በትሕትና እንዳስረዱኝ፣ ክቡርነትዎ ትናንት እንግዶች ባሉበት ስብሰባ ላይ ድረ ገጹን ከፍተው ለማሳየት ያንን መስመር ነክተው ኖሯል፤ ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተርዎ በተከፈተ ቁጥር ቦርጭ የሚያጠፋ ቅጠል ያሳያል። የኮምፒውተር ክፍሉ «ይህን የምታውቅ አንዲት ሴትዮ አለች» ብሎ ስልኬን ሰጣቸው፤ መቼ ልመጣ እንደምችል ጠየቁኝ። እንዴት እንደሚጸዳ ደረጃ በደረጃ ነገርኳቸው፤ ከታመመ ሰው መድኃኒት አልሸሽግም። ስልኩን ከዘጋሁ ከሁለት ሰዓት በኋላ ድረ ገጽዎን ከፈትኩት። መስመሩ ተነስቷል። አጠገቤ ላለው አባቴ ነገርኩት።

«ስንት ጊዜ ፈጀባቸው?» አለኝ።

«ሁለት ሰዓት» አልኩት።

ዝም አለ። የተናገረውን ሁሉ በዚህ ደብዳቤ ላይ አስፍሬያለሁ፤ ዝምታውን ግን እንዴት እንደሚተየብ አላውቅም።